ለከተማ ወንዝ ዳር ወፎች ምን እንግዛ? ባይኖኩላር፣ ባለ ረጅም ዙም ካሜራ፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ

ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ያስቀድማል። 83 እጥፍ! 125 እጥፍ! ለገፈርሳ ወይም ለአባ ሳሙኤል ሰፊ ውኃ ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። ለቀበናና ለግንፍሌ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባን የሚያቋርጠው ቀበና በብዙ ቦታ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ የሚያሻግረው ወንዝ ነው። ወፎቹ ቅርብ ናቸው። የሚያስቸግረው ጥላው ነው፣ ቅጠሉ ነው፣ የወፎቹ ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ በከተማ መሃል ትልቅ ሌንስ ደግኖ መቆም የራሱ ጣጣ አለው።

ስለዚህ ይህን ንጽጽር የምሠራው በአንድ መለኪያ ነው። ጠባብ፣ ጥላማ፣ ሰው የሚበዛበት ወንዝ ዳር የትኛው ዕቃ ያዋጣል?

የሚታዩት ወፎች

ዕቃ ከመምረጣችን በፊት ማንን እንደምናነሳ እንወቅ። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእኛና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ አንዳንዶቹ እዚሁ ከተማ መሃል ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት በቡድን እየጮኸ ከጣሪያችን በላይ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው ትልቅ ወፍ ዋትልድ አይቢስ ይባላል። ጉሮሮው ሥር ትንሽ የቆዳ እንጥልጥል አለችው። እሱን ለማየት ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኛ ሣር ላይ ሲለቅም እያየነው እናልፋለን።

ጭቃው ላይ ደግሞ ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማው ሐመርኮፕ አለ። በእግሩ ውኃውን እያማሰለ እንቁራሪት ያባርራል። ከአንድ ሰው እቅፍ የሚበልጥ የጭራሮ ጎጆ ዛፍ ላይ ካያችሁ የእሱ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው እርግብ፣ ጣሪያ ላይ ተደርድሮ የሚውለው ጥንብ አንሳም አሉ። ይህ ሁዲድ ቨልቸር የሚባለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ነው። እዚህ ብዙ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

እነዚህ ሁሉ ትልልቅና ዝግ ያሉ ናቸው። ሌላው ወገን ግን ትንሽና ፈጣን ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን የምትመጣው ሆደ ቢጫዋ ግሬይ ዋግቴይል ጅራቷን ሳታቋርጥ እያወዛወዘች ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለች። ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ተከዜ ሰንበርድ ደግሞ አበባ ላይ ሦስት ሰከንድ አይቆይም። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ወፍ ይመስላል። ፀሐይ በትክክለኛው አቅጣጫ ስታገኘው ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ የናስ ቀለም ይሆናል። ቀለሙ ብርሃን ላባው ላይ ተሰብሮ ሲመለስ የሚፈጠር ስለሆነ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ካልሆነች የቱም ካሜራ አያወጣውም።

ለመጀመሪያው ወገን ማንኛውም ደህና ካሜራ ይበቃል። የካሜራዎቹ ልዩነት የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው።

ባይኖኩላር፦ 8×42 ወይስ 10×42?

ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ካሜራውን ተዉትና ባይኖኩላር ግዙ። ካሜራ የገዛ ሰው ወፉን በስክሪን ነው የሚያየው። ባይኖኩላር የያዘ ሰው ግን ወፉ ምን እየሠራ እንደሆነ ያያል፤ ልማዱን ያውቃል፤ ሲያውቀው ደግሞ በኋላ ፎቶውም ይሳካለታል።

ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር ነው። 42 ለ10 ሲካፈል 4.2 ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው 10×25 ደግሞ 2.5 ብቻ ይሰጣል። በጠራራ ፀሐይ ልዩነቱ አይታይም። ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ስትቆሙ ግን 10×25 ጨለማ ነው።

በ8×42 እና በ10×42 መካከል ምርጫው ይጠባል። 10 እጥፍ ወፉን በጥቂቱ ያተልቃል። የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያተልቃል፤ የሚያሳየውም ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው። ሰንበርድ ከአበባ አበባ ሲዘል በ10 ተከትሎ መያዝ ያስቸግራል። ለጠባብ ወንዝ ዳር ያለማመንታት 8×42 እላለሁ። 10×42 ለገፈርሳ ይሁን።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ባይኖኩላር ከዚህ ካነሰ ርቀት ፎከስ አላደርግም የሚልበት ወሰን አለው። ወንዝ ዳር ወፉ አጥሩ ላይ ሦስት ሜትር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ጽሑፍ በጥራት ይታይ እንደሆነ ሞክሩ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ዓይነ መነጽራችሁን ሳታወልቁ ሙሉውን ክብ ማየት አለባችሁ።

በዋጋ ከዝቅተኛው ሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ 8×42 ለገንዘቡ በጣም ጥሩ ነው። ክብደቱ 630 ግራም ገደማ ሲሆን እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ይቀርባል። ከፍ ስንል የኒኮን ፕሮስታፍና ሞናርክ ተከታታዮች እንዲሁም ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ አሉ። እነዚህ ዳር ዳሩ ድረስ የጠራ ምስል ይሰጣሉ። መንገድ ላይ «30×60» ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ ባይኖኩላር ግን አትንኩት። መጠኑን አይታችሁ ብቻ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፊቱ 60 ሚሊሜትር አይሞላም።

ስልክስ?

ስልክ ለሰነድ ይሆናል። ሳምሰንግ ኤስ23 አልትራን የመሰሉ የራሳቸው 10 እጥፍ ሌንስ ያላቸው ስልኮች ሣር ላይ የቆመ አይቢስን ደህና አድርገው ያነሳሉ። ለትንንሾቹ አይሆኑም። በስልክ ላይ የሚቆነጠጠው የፕላስቲክ ሌንስ ብር ማባከን ነው። በስልካችሁ ልትጭኑት የሚገባው ሜርሊን የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ነው። የአገሩን የወፍ ዝርዝር አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፎቶ ስትሰጡት የወፉን ስም ይገምታል።

ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ከዲኤስኤልአር ጋር ሲተያይ

ብዙ ሰው የሚወዛገበው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በአንድ በኩል ሌንሱ የማይፈታው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ950 አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 800 ዶላር ነበር። ከ24 እስከ 2000 ሚሊሜትር የሚመዘን ዙም አለው (ሚሊሜትሩ በተለቀ ቁጥር ይበልጥ ያቀርባል)፣ ይኸውም 83 እጥፍ ማለት ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ታናሹ ካኖን ኤስኤክስ70 እስከ 1365 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 610 ግራም ብቻ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል። በሌላ በኩል ያገለገለ የካኖን ወይም የኒኮን ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየርና በውስጡ መስተዋት ያለው ካሜራ፣ ከ55-250 ወይም ከ70-300 ሌንስ ጋር አለ። በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚገኘው ይሄኛው ነው።

በርቀት ፒ950 ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም። ጣሪያ ላይ ያለን ጥንብ አንሳ ዓይኑን ታነሱበታላችሁ። ቪዲዮም ላይ ግሩም ነው።

አሁን ወደ ጥላው እንግባ። ማለዳ ዛፍ ሥር ዋግቴይልን በ1/500 ሰከንድ ለማንሳት ፒ950 ዙሙ ሙሉ ሲወጣ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 6.5 ስለሆነ (ይህ ቁጥር ሲተልቅ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል) አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 1600 ወይም 3200 መውሰድ ግድ ይለዋል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ደግሞ ትንሽ ነው። የዲኤስኤልአሩ ሴንሰር በስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በዚህ የተነሳ ፒ950 ላይ የላባው ዝርዝር ይቀልጣል፤ ቢጫው ሆድ እንደተቀባ ቀለም ይለሰልሳል። በዲኤስኤልአሩ ወፏ በፍሬሙ ውስጥ ታንሳለች። ቆርጣችሁ ብታሳድጓት እንኳ ላባዋ ይለያል።

ቅርበትም አለ። ፒ950 ዙሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከአምስት ሜትር ወዲህ ያለን ነገር ፎከስ አያደርግም። ሦስት ሜትር ላይ ያረፈውን ሰንበርድ ለመያዝ ዙሙን መመለስ አለባችሁ። እስክትመልሱ እሱ ሄዷል። የካኖን 55-250 ኤስቲኤም ግን አንድ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ፎከስ ያደርጋል። በተጨማሪ ዲኤስኤልአር ላይ ዓይናችሁ የሚያየው በመስተዋት የመጣ እውነተኛ ብርሃን ነውና የሚበርን ወፍ መከተል ይቀላል።

ሙቀትንም አስቡ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከሲሚንቶውና ከድንጋዩ ሙቀት ሲነሳ አየሩ ይርገበገባል። በ2000 ሚሊሜትር የሚታየው ያ ርግብግብታ ነው። ዋጋ የከፈላችሁበት ዙም ከዚያ ሰዓት በኋላ ብዙም አይሠራላችሁም።

ባትሪን በተመለከተ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፒ950 በአንድ ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 290 ገደማ ፎቶ ያነሳል። ኒኮን ዲ3500 ግን 1550።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የምትፈልጉት የወፎቹን ዓይነት መመዝገብ፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ስለ ሌንስ ሳታስቡ አንድ ዕቃ ይዞ መውጣት ከሆነ ፒ950 ግዙና ደስ ይበላችሁ። ፎቶውን አትማችሁ ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ወይም የምትወጡት ማለዳ ብቻ ከሆነ ያገለገለው ዲኤስኤልአር ይሻላል።

ሌንሱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ካኖን 75-300 የሚባል ርካሽ ሌንስ ከካሜራ ጋር ተደርቦ ይሸጣል። ቁጥሩ ከ55-250 ይበልጣል፤ ነገር ግን መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው ክፍል የለውም፣ 300 ላይ ሲደርስም ምስሉ ይደበዝዛል። 55-250ን ምረጡ፤ ከእሱም መጨረሻው ላይ ኤስቲኤም የሚል የተጻፈበትን። ክብደቱ 375 ግራም ነው። የኒኮኑ ኤኤፍ-ፒ 70-300 ደግሞ ሁለት መንትያ አለው። አንዱ ቪአር (የኒኮን ማረጋጊያ) ይላል፣ ሌላው አይልም። ቪአር ያለበትን ውሰዱ። በተረፈ ኤኤፍ-ፒ ሌንሶች እንደ ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ3100 እና ዲ3200 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። ካሜራውንና ሌንሱን ከተለያየ ሰው የምትገዙ ከሆነ ይህን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

ሚረርለስ፦ ካኖን አር10 ከ100-400 ጋር

ሚረርለስ ማለት ሌንሱ የሚቀያየር ሆኖ መስተዋቱ የሌለው ካሜራ ነው። አቅሙ ላለው ወንዝ ዳር ከዚህ የሚስማማ ጥምረት አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አር10 ከባትሪው ጋር 429 ግራም ነው። አርኤፍ 100-400 ሌንሱ 635 ግራም ነው። ሁለቱ ተደምረው ከፒ950 እምብዛም አይከብዱም። በዚህ ሴንሰር ላይ 400 ሚሊሜትሩ እንደ 640 ሚሊሜትር ያቀርባል፤ ለቀበና ይተርፋል።

የሚለየው ግን ክብደቱ አይደለም። ካሜራው የወፉን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ቅጠል ውስጥ ያለችን ወፍ በዲኤስኤልአር ስታነሱ ፎከሱ ከፊቷ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። አር10 ዓይኗን ካገኘ በቅጠሉ መሃል ይከተላታል። ሁልጊዜ አይሳካለትም፤ ግን ከሚባክነው ፎቶ ይልቅ የሚተርፈው ይበዛል። በሰከንድ 15 ፎቶ ማንሳቱም ጅራቷን ለምታወዛውዘው ዋግቴይል ይጠቅማል። ድምፅ አልባ ሸተርም አለው፤ ሐመርኮፕ በዲኤስኤልአር ቀጭታ ቀና ሲል ላየ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ክንፏን እያርገበገበች ያለች ወፍን ግን በድምፅ አልባው አታንሱ፤ ክንፉ ይጣመማል።

ጉድለቱም ይነገር። ሌንሱ 400 ላይ ኤፍ 8 ነው። ከፒ950ም ይጨልማል ማለት ነው። ትልቁ ሴንሰር ይክሰዋል እንጂ ጥልቅ ጥላ ውስጥ አይኤስኦው ይወጣል። ዋጋውም አለ። ሲወጡ ካሜራው 980፣ ሌንሱ 650 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ የፒ950 እጥፍ ናቸው።

መሃል መንገድ አለ። አር10ን ወይም አነስ ያለውን አር50ን ግዙና በማገናኛ ቀለበት አሮጌውን 55-250 ግጠሙበት። በደንብ ይሠራል። 100-400ውን ብር ሲገኝ ትደርሱበታላችሁ። ዲኤስኤልአር ይዞ ለቆየ ሰው ይህ ከሁሉ የሚያዋጣ መሸጋገሪያ ነው።

ስለ 150-600

ሲግማና ታምሮን የሚሠሯቸው 150-600 ሌንሶች የብዙ ሰው ሕልም ናቸው። ሌንሱ ብቻ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሲግማው ኮንቴምፖራሪ ከ2.8 ሜትር ወዲህ ፎከስ አያደርግም። ገፈርሳ ላይ ብሉ ዊንግድ ጉዝ የሚባለውን የእኛውን ዝይ ለማንሳት ወደር የላቸውም። ቀበና ላይ ግን አይቢሱ ከፍሬሙ ይተርፋል፤ ክንዳችሁ ይዝላል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያችኋል። ለወንዝ ዳር ብላችሁ አትግዙት።

የሰው ዓይን፣ ጥበቃና ጎርፍ

ይህ በዕቃ ንጽጽር ውስጥ መግባቱ ሊገርም ይችላል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ የካሜራ መጠን ራሱ መምረጫ ነው። ቀበና አካባቢ ኤምባሲዎች አሉ፤ ወንዙም በመንግሥት ግቢዎች አጠገብ ያልፋል። ወደዚያ ረጅም ሌንስ ማዞር አይገባም። በወንዝ ዳር በተሠሩት መናፈሻዎችም ፕሮፌሽናል የሚመስል ካሜራ ሲያዩ ፈቃድ ወይም ክፍያ የሚጠይቁ ይኖራሉ። መግቢያው ላይ ቀድማችሁ ጠይቁ። «ወፍ ነው የማነሳው» ብሎ ፎቶውን ማሳየት አብዛኛውን ነገር ያረግባል። እኔ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ፣ ትንሹን ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ነው የማደርገው።

በክረምት ወደ ዳርቻው አትውረዱ። እንጦጦ ላይ የዘነበው እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶም እያለ በድንገት ይደርሳል። ውኃው የተበከለ ስለሆነ ቦርሳም ሆነ ካሜራ ዳርቻው ላይ አታስቀምጡ፤ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንዲህ በቆሸሸ ውኃ ዳር እነዚህ ወፎች መቆየታቸው ያስደንቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። ቢያንስ እኛ አናስጨንቃቸው። የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ መጥራት፣ ጎጆ ድረስ መጠጋት ይቅር።

ያገለገለ ስትገዙ

«ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል ብዙ ይሸፍናል። ሌንሱን አንስታችሁ የስልካችሁን መብራት ከኋላው አብሩበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ ትታችሁ ውጡ። አቧራ ትንሽ ቢኖር ግድ የለም። ዙሙን ወደ ረጅሙ አውጡና ሌንሱን ወደ ታች አድርጉ፤ ራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ልል ሆኗል። የማረጋጊያው ማብሪያ ያለበት ከሆነ አጥፍታችሁ አብሩት፤ በመመልከቻው ስታዩ ሸተሩን ግማሽ ስትጫኑ ምስሉ ረጋ ማለት አለበት። ዲኤስኤልአር ከሆነ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ጠይቁ፤ ፎቶ አንስታችሁ ፋይሉን በሚያነብ መተግበሪያ ራሳችሁም ማየት ትችላላችሁ፣ በተለይ ኒኮን ላይ ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል።

ባይኖኩላር ከሆነ ሩቅ ያለን የመብራት ምሰሶ በሁለት ዓይናችሁ እዩ። ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ጥቂት ቆይታችሁ ዓይናችሁን ካመማችሁ ወድቆ መስመሩ ተዛብቷል። እሱን ማስተካከል አዲስ ከመግዛት አይተናነስምና ዋጋው ምንም ቢረክስ አትውሰዱት። ከውጭ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነም የሞዴሉን ሙሉ ስም ከነፊደሉ ጻፉለት። ኤስቲኤም ወይም ቪአር የሚለው ፊደል ከቀረ ሌላ ሌንስ ነው የሚመጣላችሁ።